ወንድሙን «ጨርቃም» የሚል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በተራራው ስብከት ውስጥ ቶሎ የምናልፈው ኃይለ ቃል አለ። ጌታችን «አትግደል» የሚለውን የኦሪት ትእዛዝ ካነሣ በኋላ ስለ ሰይፍ ወይም ስለ ጦር አልተናገረም፤ ስለ ስድብ ተናገረ። «ወንድሙንም ጨርቃም የሚለው ሁሉ የሸንጎ ፍርድ ይገባዋል» አለ (ማቴ. 5፥22)። ነፍሰ ገዳይ ሸንጎ ፊት መቆሙ የታወቀ ነው። ተሳዳቢውን ከእርሱ ጋር ማቆም ግን ለሚሰማው ሁሉ ከባድ ነው።

ቃሉ በግሪኩ ወንጌል ሳይተረጎም «ራቃ» ተብሎ የቀረ የአራማይክ ቃል ሲሆን ባዶ፣ የማይረባ እንደ ማለት ነው። ሶርያይስጥ በሚነገርበት አገር፣ በአንጾኪያ ያደገው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህንን ክፍል ሲተረጉም፣ ቃሉ ያን ያህል የከበደ ስድብ እንዳልነበረ ያስረዳል። ጌታ አገልጋዩን «አንተ» እያለ እንደሚያዝዘው ያለ ንቀት ነው ይላል። አማርኛ ለሚናገር ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም። ፀጉራቸው የሸበተውን ዘበኛ «አንተ፣ በሩን ክፈት» ብሎ፣ ወደ ውስጥ ዘልቆ የልጃቸው እኩያ ለሆነው ሥራ አስኪያጅ «እርስዎ» እያለ የሚያጎነብስ ስንት ምእመን አለ! ተሳድበሃል ቢሉት ይደነግጣል። ጌታ የከለከለው ግን ይህንኑ፣ ተናጋሪው እንኳ ስድብ መሆኑን የማያውቀውን ንቀት ነው።

በአገራችን ደግሞ ከዚህ የከፋ አለ። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻና ማጭድ የሚያወጣውን «ጠይብ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ»፣ ሸክላ የምትሠራውን «ቡዳ» ስንል ኖረናል። ቤተ እስራኤል የሆኑ ወገኖቻችንም ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ በመሆናቸው ይኸው ስም ተለጥፎባቸዋል። ስሙ ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል፤ ጋብቻ ይከለክላል፤ ማዕድ ይለያል፤ በአንዳንድ ቦታ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እስከ መባል ያደርሳል። ሰው በሕይወት እያለ ከሰው ተራ ከወጣ ከመገደል ምን ቀረው? እዚህ ላይ ነው የጌታ ቃል የሚገባን።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ ከልክለዋል። አዋጁ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለውን ደብተራ እያሉ ማዋረድን ይነቅፋል። ወንጌል ለዘመናት ሲነበብባት በኖረች አገር ይህን ለማስተው የቤተ መንግሥት አዋጅ ማስፈለጉ፣ ለእኛ ለምናስተምረው የሚያኮራ አይደለም። በዚያው መጠን የሚያሳዝነው፣ ያ ሁሉ ስድብ የወረደበት እጅ የሠራውን የብረትና የናስ መስቀል ስንሳለም መኖራችን ነው። እግዚአብሔር የማደሪያውን ድንኳን ዕቃ እንዲሠራ ባስልኤልን ሲመርጥ መንፈሱን እንደ ሞላበት በኦሪት ዘጸአት (31፥2-5) ተጽፏል፤ ባስልኤልም በወርቅ፣ በብርና በናስ የሚሠራ ባለሙያ ነበር።

ወደ ሐዋርያት ሥራ እንምጣ። ጴጥሮስ በኢዮጴ ጣቢታን ከሞት ካስነሣ በኋላ ወደ ማን ቤት ገባ? ከተማው ሁሉ ስለ እርሱ እያወራ ነው፤ የሚያስተናግደው አያጣም። መጽሐፍ ግን ስምዖን ከሚሉት ከአንድ ቁርበት ፋቂ ጋር አያሌ ቀን እንደ ኖረ ይናገራል (ሐዋ. 9፥43)። በኦሪት ሕግ በድን የነካ እስከ ማታ ርኩስ ነው፤ ቁርበት ፋቂ ደግሞ ዕለት ዕለት በድን ይነካል። በሚሽና የተጻፈው የአይሁድ መምህራን ሥርዓትም የቁርበት ሥራ ከከተማ 50 ክንድ እንዲርቅ ያዝዛል፤ የስምዖን ቤት በባሕር አጠገብ መሆኑን ሉቃስ የጻፈውም በዚህ ዓይን ሲነበብ ይገባል። ጴጥሮስ እዚያ በላ፣ እዚያ አደረ። «እግዚአብሔር ያነጻውን አንተ አታርክሰው» የሚለውን ድምፅ የሰማውም በዚያው በፋቂው ቤት ሰገነት ላይ ሆኖ ነው። ቀጥሎ በቆርኔሌዎስ ቤት ቆሞ፣ ማንንም ሰው ርኩስና የሚያስጸይፍ ነው እንዳይል እግዚአብሔር እንዳሳየው መሰከረ (ሐዋ. 10፥28)። ትምህርቱን ከሰማይ ቢሰማም ማደሪያው ቀድሞ አዘጋጅቶታል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፦ ጌታ ራሱ ፈሪሳውያንን «እናንተ ደንቆሮችና ዕውሮች» ብሎ የለም ወይ? ብሏል (ማቴ. 23፥17)። ነገር ግን የተናገረው በወንበር ለተቀመጡት ገናና መምህራን ነው፤ በፊታቸውም ነው፤ ያንኑ ንግግር የጨረሰውም ዶሮ ጫጩቶችዋን እንደምትሰበስብ ልሰበስብሽ ወደድሁ እያለ ስለ ኢየሩሳሌም በማዘን ነው። በዚህ ጥቅስ የሚመካ ሰው አስቀድሞ ስለሚሰድበው ሰው ያዘነበትን ቀን ይንገረን።

ቡዳ በላኝ ብለን ለጸበል ስንሄድም ልብ እንበል። መጋደላችን ከሥጋና ከደም ጋር አይደለም (ኤፌ. 6፥12)። ርኩስ መንፈስን በክርስቶስ ስም መቃወም የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ የጎረቤትን ስም እያስለፈለፉ አንዲት ሸክላ ሠሪን በመንደሩ ፊት ማስወንጀል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከዚያ ዕለት ጀምሮ እርሷም ልጆችዋም በዚያ መንደር መኖር አይችሉም።

ከ«ጨርቃም» ቀጥሎ ያለው ቃል ስለ መባ የሚናገር ነው፦ ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፥ አስቀድመህም ታረቅ። ዲያቆኑ በቅዳሴ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል እርስ በርሳችን እጅ የምንነሣው በዚሁ ትእዛዝ ነው። ዋናው ፈተና ግን ከቅጽሩ ውጭ፣ ልጃችን የቀጥቃጭ ልጅ ላግባ ብሎ ሽማግሌ እንድንልክለት የጠየቀን ዕለት ነው። አጥንት እየቆጠሩ «እነርሱ እኮ ንጹሕ አይደሉም» የሚሉ ዘመዶች፣ ሰው ገድላችኋል ወይ ብንላቸው በመስቀሉ ይምላሉ። የንስሐ አባቶቻችን ይህን ጉዳይ ከሌሎቹ ኃጢአቶች ጋር አብረው ቢጠይቁን መልካም ነው፤ እኛ አስበን የምንናዘዘው አይደለምና።