በፖስታ የተጠኑ ሥጋ በል ዕፅዋት

ሐምሌ 1860 ነው (ዓመታቱም ወራቱና ቀናቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቻርልስ ዳርዊን በደቡብ እንግሊዝ፣ ሰሴክስ ውስጥ የሚስቱ እህት ቤት እንግድነት ሄዷል። ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈው መጽሐፍ ከታተመ ገና ዓመት አልሞላውም። አገሩ ሁሉ በመጽሐፉ ይከራከራል። እሱ ግን እርጥብ ሜዳ ላይ ጎንበስ ብሎ አንዲት ትንሽ ተክል ያያል። ቅጠሎቿ ላይ የሞቱ ዝንቦችና ትንኞች ተጣብቀዋል። አሥራ ሁለት ተክል ሰበሰበና ቆጠረ። በጠቅላላው 56 የተዘረጋ ቅጠል ነበራቸው። ከነዚህ 31ዱ ላይ የሞተ ነፍሳት ወይም ቅሪቱ ተገኘ።

ተክሏ ድሮሴራ ትባላለች። ቅጠሏ ክብ ነው፣ መጠኑም እንደ ትንሽ ሳንቲም። ከላዩ ቀያይ ፀጉሮች በቅለውበታል፤ በእያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ ላይ ደግሞ ጤዛ የሚመስል የሚያጣብቅ ጠብታ አለ። ዳርዊን 31 ቅጠሎችን ቆጥሮ በአንድ ቅጠል በአማካይ 192 ፀጉር አግኝቷል። ዝንብ ሲያርፍባት ትጣበቃለች። ለመላቀቅ ስትታገል አጠገቧ ያሉት ፀጉሮች ቀስ እያሉ ይታጠፉና ያቅፏታል።

ነገሩ እንዲህ ተጀምሮ አሥራ አምስት ዓመት ፈጀ። ይህን ሁሉ ዓመት ሥራውን ያስኬደው በዋናነት ደብዳቤ ነው። ስለ ዳርዊን ሲነሳ መርከብና ሩቅ ደሴት ወደ አእምሯችን ይመጣል። ከጉዞው ከተመለሰ በኋላ ግን ከብሪታንያ ወጥቶ አያውቅም። ሕመሙም አላፈናፈነውም። ኬንት ውስጥ፣ ዳውን በምትባል መንደር ተቀምጦ ይጽፋል፣ ይጠይቃል፣ ናሙና ላኩልኝ ይላል። ብሪታንያ ውስጥ ከ1840 ጀምሮ በአንድ ፔኒ ቴምብር ደብዳቤ የትም ይደርስ ነበር። ከአሜሪካ የሚመጣው በእንፋሎት መርከብ ውቅያኖስ ያቋርጣል። ዛሬ የሚታወቁት የዳርዊን ደብዳቤዎች፣ የጻፋቸውም የደረሱትም ተደምረው፣ ከ15,000 በላይ ናቸው።

የጻፈላቸውን ሰዎች ስናይ ፍቅሩ ይታያል። ኅዳር 1860 ለጂኦሎጂስቱ ቻርልስ ላየል፣ በዚህ ሰዓት ከዓለም ዝርያዎች ሁሉ አመጣጥ ይልቅ ድሮሴራ ያስጨንቀኛል ብሎ ጽፏል። ለሃርቫርዱ የዕፅዋት ሊቅ ለአሳ ግሬይ ደግሞ በ1863 «ውዷን ድሮሴራዬን» በደልክብኝ ይለዋል። ድንቅ ተክል ናት፣ እንዲያውም ብልህ እንስሳ ናት፣ እስክሞት እከራከርላታለሁ ይላል። ባለቤቱ ኤማም ታዝባው ነበር። ድሮሴራን እንደ ሕያው ፍጡር ነው የሚይዛት፣ መጨረሻ ላይ እንስሳ ናት ብሎ ሊያረጋግጥ ይመስለኛል ብላ ለላየል ሚስት ጻፈች።

ተክል ነፍሳት ይይዛል የሚለው ወሬ አዲስ አልነበረም። ቬነስ ፍላይትራፕ የምትባለውን የሰሜን ካሮላይና ተክል ጆን ኤሊስ የተባለ የለንደን ነጋዴ በ1760ዎቹ መጨረሻ ለስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ለሊኔየስ በደብዳቤ ገልጾለት ነበር። ዝንቡን የምትይዘው ልትመገበው ነው የሚል ግምትም አክሎበታል። ሊኔየስ ግን አልተቀበለውም። ሲነኳት የምትከደን ተክል ናት፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም አለ። የጎደለው ማስረጃ ነው። መያዝና መብላት ይለያያሉ። ተክሉ የያዘውን እንደ ሆድ እንደሚፈጭ፣ ከፈጨውም እንደሚጠቀም ማሳየት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የዳርዊን ትዕግሥት ያስደንቀኛል። ቅጠሉ ላይ ያልሞከረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ወተት፣ ምራቅ፣ ሽንት፣ የጥሬ ሥጋ ውሃ ሲያንጠባጥብበት ፀጉሮቹ ይታጠፋሉ። ስኳር፣ ሻይ፣ የወይራ ዘይት፣ አልኮል ሲሆን ዝም። ልዩነቱ ናይትሮጅን ነው። ረግረግ መሬት ናይትሮጅን ያጥረዋል፤ ተክሏም ከአፈር ያጣችውን ከዝንብ ታገኛለች።

ከዚያ የተቀቀለ እንቁላል ነጩን በትንንሹ ቆርጦ ቅጠሉ ላይ አስቀመጠ። የቁራጮቹ ማዕዘን እየሟሟ ክብ ሆነ፣ ዙሪያውም ጠራ ያለ ፈሳሽ ከበበው። የፈሳሹን አሲድ የሚያከሽፍ ነገር ሲጨምርበት መፈጨቱ ቆመ። አሲድ ሲመልስለት እንደገና ቀጠለ። የእኛም ጨጓራ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ስለ ፈሳሹ ኬሚስቱን ኤድዋርድ ፍራንክላንድን በደብዳቤ አማክሮታል።

ሌላውን ሥራ ለሰው አካፈለ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የፊዚዮሎጂ መምህር የነበረው ጆን በርደን ሳንደርሰን በዳርዊን ጠያቂነት የቬነስ ፍላይትራፕን ቅጠል ከኤሌክትሪክ መለኪያ ጋር አገናኘ። በ1873 ያሳተመው ውጤት ብዙ ሰው አስገረመ። ቅጠሉ ሲነካ፣ በእንስሳ ጡንቻ ላይ እንደሚታየው ዓይነት የኤሌክትሪክ ለውጥ ይነሳል። ደላዌር የሚኖረው ዊሊያም ካንቢ ለዚችው ተክል ሥጋ እየመገበ ያየውን ጻፈ። አይብ ግን ፈጽሞ አይስማማትም አለ፤ ቅጠሉ ይጠቁርና ይሞታል። ከሰሜን ዌልስ ደግሞ ፒንግዊኩላ የምትባል ተክል 39 ቅጠሎች ከነያዙት ነፍሳት በፖስታ መጡ። ዳርዊን ቆጠራቸው፦ 32ቱ ቅጠሎች 142 ነፍሳት ይዘዋል።

የኪው ዕፅዋት ማዕከል ኃላፊ ጆሴፍ ሁከር የዳርዊን የልብ ወዳጅ ነበር። እሱ ኔፐንተስን ወሰደ። ይህች ተክል ከቅጠሏ ጫፍ እንስራ የመሰለ ነገር ታንጠለጥላለች፣ ውስጡም ፈሳሽ አለ። ሁከር እንቁላል፣ ሥጋና ልም አጥንት ጨመረበት። በ24 ሰዓት ውስጥ የእንቁላሉ ጠርዝ ተበልቶ ነበር። ነሐሴ 1874 ቤልፋስት ላይ በተደረገ የሳይንቲስቶች ጉባኤ ስለ ሥጋ በል ዕፅዋት ንግግር አደረገ፤ ብዙ ሕዝብም ነገሩን የሰማው ያኔ ነው።

ዳርዊን ስለ ሥጋ በል ዕፅዋት የጻፈው መጽሐፍ ሐምሌ 2 ቀን 1875 ወጣ። ሥዕሎቹን የሳሉት የዳርዊን ልጆች ጆርጅና ፍራንሲስ ናቸው። አንድ ክፍተት ግን ነበረው። ተክሉ ይበላል፤ መብላቱ ይጠቅመዋል ወይ? ይህን የመለሰው ፍራንሲስ ነው። ድሮሴራዎችን በሾርባ ሳህኖች ላይ አሳደገና ሳህኑን መሃል ለመሃል በእንጨት ከፈለው። ለግማሾቹ ትንንሽ የጥብስ ሥጋ ሰጠ፣ ግማሾቹን አስራበ። በ1878 ውጤቱን አሳተመ። የተመገቡት የሰጡት ዘር በክብደት ካልተመገቡት አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ከዳርዊን ጋር ከተጻጻፉት ሁሉ እኔን የምትማርከኝ ሜሪ ትሪት ናት። ኒው ጀርሲ፣ ቫይንላንድ የምትባል ከተማ ነዋሪ ነበረች። ዩኒቨርሲቲም ላቦራቶሪም አልነበራትም። ከባሏ ተለያይታ ስለ ዕፅዋትና ነፍሳት ለመጽሔት እየጻፈች ራሷን ታስተዳድር ነበር። ከ1871 ጀምሮ ከዳርዊን ጋር ትጻጻፋለች። እሱም ያየችውን ታሳትመው ዘንድ አበረታቷታል፣ በመጽሐፉም ስሟን ጠርቷል።

ያከራከራቸው ነገር ዩትሪኩላሪያ ናት። ሥር የሌላት የውሃ ተክል ስትሆን ዝርያዎቿ በአገራችን ውሃማ ቦታዎችም ይበቅላሉ። ቅጠሎቿ መሃል ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ፣ እያንዳንዱም ወደ ውስጥ የሚከፈት በር አለው። ዳርዊን፣ ጥቃቅን የውሃ እንስሳት በሩን በጭንቅላታቸው እንደ ሽብልቅ እየገፉ ራሳቸው ይገባሉ ብሎ ደመደመ። በሩን ቢነካካው አልተንቀሳቀሰለትም። ትሪት ግን ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀምጣ የትንኝ እጮችን ስትጠብቅ ሌላ ነገር አየች። እጩ በሩን ሲነካ ድንገት ወደ ውስጥ ይሳባል።

ሰኔ 1 ቀን 1875 ዳርዊን መልስ ጻፈላት። ጽሑፏን በታላቅ ጉጉት እንዳነበበው ነገራት። ጭንቅላት እንደ ሽብልቅ ይገፋል ያልኩት ፈጽሞ ስህተት እንደሆነ ግልጽ ነው አለ። ሕያው እጭ ወደ ውስጥ መሳቡም አስገርሞታል። ያኔ በዓለም ከታወቁት ሳይንቲስቶች አንዱ ነው፣ መጽሐፉ ሊወጣ አንድ ወር ቀርቶታል። መጽሐፉም ሽብልቁን እንደያዘ ወጣ። ትሪት ያየችውን በ1876 ሃርፐርስ መጽሔት ላይ አሳተመች።

አሠራሩ ሙሉ በሙሉ የተገለጠው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከረጢቱ ውሃውን ወደ ውጭ ያስወጣል፣ ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳሉ። በሩ ላይ ያሉት ፀጉሮች ሲነኩ በሩ ይከፈትና ውሃው እንስሳውን ይዞ ይገባል። ሁሉም በሰከንድ አንድ ሺኛ አካባቢ ያልቃል። በዚያ ዘመን ማይክሮስኮፕ በዓይን መከታተል የሚቻል አልነበረም። ትሪት ግን እጩ እንደሚሳብ አይታለች።