ኤክስፖኔንሺያል እድገት ምንድን ነው?

አንድ አስተያየት ሰጪ ሰሞኑን የአራት ሳምንት ቁጥር ደረደረ፦ 40፣ 60፣ 80፣ 100። ከሥሩም «እድገቱ ኤክስፖኔንሺያል ነው» ብሎ ጻፈ። በየሳምንቱ 20 ነው የተደመረው፤ ነጥቦቹ የተሰለፉት ቀጥ ባለ መስመር ላይ ነው። ይህንኑ ብነግረው «ያው በፍጥነት ጨምሯል፤ ምን ልዩነት አለው?» አለኝ።

ኤክስፖኔንሺያል የፍጥነት ስም አይደለም። የሚጨመረው መጠን ምንጊዜም አሁን ካለው መጠን ጋር ተመጣጣኝ ነው ማለት ነው፤ በቃ። በዓመት 1 በመቶ እያደገ የሚሄድ ነገር ኤክስፖኔንሺያል ነው፤ እጥፍ ለመሆን ግን 70 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ከከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ የሚወርደው ርቀት በጊዜው ስኩዌር ያድጋል፤ ፈጣን ነው፣ ኤክስፖኔንሺያል ግን አይደለም። ካርቦን 14 (ጨረር እያመነጨ የሚከስመው የካርቦን ዓይነት) በ5,730 ዓመት ገደማ በግማሽ የሚቀንሰው በዚያው ሕግ ነው፤ የተለወጠው ምልክቱ ብቻ ነው፤ መደመሩ መቀነስ ሆነ። ይህንን ማን «ፈጣን» ይለዋል?

ወሬን አስቡ። ዛሬ አንድ ሰው ያውቀዋል፤ የሰማ ሁሉ በቀን ለአንድ አዲስ ሰው ቢያወራ ከ10 ቀን በኋላ የሚያውቁት 1,024 ይሆናሉ። ወሬኛው ሁሉ ሰነፍ ሆኖ በዓመት አንዴ ብቻ ቢያወራስ? ሕጉ ያው ነው፤ የቀኑን ቦታ ዓመት ተካው እንጂ። (እግረ መንገዴን፦ የጊዜ መለኪያው ያልተነገረ «የእድገት መጠን» ትርጉም የለውም። በሳምንት ነው? በዓመት?) በአንጻሩ አንድ ለፋፊ ብቻውን በቀን ለሺህ ሰው ቢናገርና የሰሙት ሁሉ አፋቸውን ቢይዙ፣ የፈለገውን ያህል ቢጮህ እድገቱ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ጥያቄው ወሬ ወሬን ይወልዳል ወይ ነው።

ወሬ ደግሞ ሰሚ ያልቅበታል። ወሬኛው የሚያገኘው ሁሉ «ሰምቻለሁ» ማለት ሲጀምር ኩርባው ይጎብጣል። ቤልጅጋዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ፍራንስዋ ፌርሁልስት እ.ኤ.አ. በ1838 ለሕዝብ ቁጥር ያቀረበው ቀመር፣ ዛሬ ሎጂስቲክ የምንለው፣ ይህንኑ ይገልጻል። እኛን የሚያስቸግረን ሁለቱ ኩርባዎች፣ ኤክስፖኔንሺያሉና ሎጂስቲኩ፣ በጅምራቸው አለመለየታቸው ነው። ቀጥ ያለውም መስመር ቢሆን ያታልላል። ሁለት ነገሮች ከ100 ሚሊዮን ይነሡ፤ ለአንዱ በየዓመቱ 1 ሚሊዮን ይደመርለት፣ ሌላው በየዓመቱ 1 በመቶ ይደግ። ከ10 ዓመት በኋላ አንዱ 110፣ ሌላው 110.5 ሚሊዮን ገደማ ነው። ቆጠራው ጥቂት ስህተት ካለበት ማን ይለያቸዋል? በ70ኛው ዓመት ግን 170 እና 200 ሚሊዮን ናቸው።

አስተያየት ሰጪው የራሱን ቁጥሮች አካፍሎ ማየት ይችል ነበር። 60 ለ40 ሲካፈል 1.5፣ 80 ለ60 1.33፣ 100 ለ80 1.25። ኤክስፖኔንሺያል ቢሆን ኖሮ ሦስቱም 1.5 ሆነው የአራተኛው ሳምንት ቁጥር 135 በደረሰ ነበር። በእርግጥ አራት ነጥብ ብቻ ይዤ ቀጥ ያለ መስመር ነው ብዬም አልምልም።