ቨርቹዋል ቴብልቶፕ ምንድን ነው?

ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ጠረጴዛ ነው። በየቤታቸው ላፕቶፕ የከፈቱ አራት አምስት ጓደኛሞች እኩል የሚያዩት፣ ካርታ የሚዘረጋበትና ዳይስ የሚወረወርበት ጠረጴዛ። ተጫዋቾቹ አሳጥረው ቪቲቲ ይሉታል።

ጠረጴዛው ለምን እንዳስፈለገ የሚገባው ጨዋታው ሲገባ ነው። ሮል ፕሌይንግ ጌም የሚባለው በወሬ የሚካሄድ ጨዋታ ነው። አንዱ ታሪኩን ያወራል፤ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሆነው ይመልሳሉ። የሚያወራው ጌም ማስተር ይባላል፤ እኔ አጫዋች ማለት ይቀናኛል። አጫዋቹ «በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ ሹክሹክታ ይሰማል» ይላል። አንዷ «ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ አዳምጣለሁ» ትላለች። የሚያወሩትን መስማት አለመስማቷን ዳይስ ይወስናል። ባለ 20 ፊቱ ይወረወራል፣ እንደ ገጸ ባህሪዋ ችሎታ ቁጥር ይደመርበታል፣ አጫዋቹ በልቡ የያዘው ቁጥር ላይ ከደረሰ ሰማች። በቃ፣ ዋናው ነገር ይኸው ነው። የዚህ ዓይነት ጨዋታ ሁሉ አባት የሚባለውን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያወጡት በ1974 እ.ኤ.አ. ነው።

ያኔ ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ይበቃ ነበር። ችግሩ ሰው ይበተናል። አንዱ ሥራ ይቀይራል፣ አንዷ ትወልዳለች፣ ሌላው አገር ይለቃል። በቪዲዮ ኮል ብቻ መጫወት ይቻላል ወይ ካላችሁ፣ ይቻላል። ግን ውጊያ ሲጀመር «ጭራቁ ከእኔ ምን ያህል ይርቃል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ያኔ ሁሉም በየጭንቅላቱ የተለያየ ክፍል ስሎ እንደነበር ይታወቃል። አንዱ ምሰሶ ጀርባ ተደብቄያለሁ ይላል፤ ሌላው የምን ምሰሶ ይላል። ቪቲቲ በዋናነት ይህን ጭቅጭቅ ይገላግላል።

ስትከፍቱት የምታዩት በካሬ የተከፋፈለ ካርታ ነው። በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አንዱ ካሬ 5 ጫማ ነው፤ ሜትር ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ቶክን የሚባል ክብ ምስል አለው፤ እንደ ዳማ ጠጠር በማውስ እየጎተተ ያንቀሳቅሰዋል። ከጎን ቻት አለ። እዚያ ላይ 2ዲ6+3 ዓይነት ነገር ታያላችሁ። አትደንግጡ፣ «ሁለት ባለ 6 ፊት ዳይስ ወርውርና 3 ደምር» ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ይወረውራል፣ ይደምራል፣ ውጤቱንም ለሁሉም ያሳያል።

እኔን የማረከኝ ግን ጭጋጉ ነው። አጫዋቹ ካርታውን በጥቁር ይሸፍነውና እናንተ በተራመዳችሁ ቁጥር ይገልጠዋል። አንዳንዶቹ ከዚህም አልፈው ግድግዳና ብርሃን ያሰላሉ። ችቦ የያዘው ሰው ዙሪያውን ያያል፤ ችቦ የሌለው እሱን ተከትሎ ይሄዳል። ጥጉን ስትዞሩ ኮሪደሩ ቀስ ብሎ ይከፈታል። ወረቀት ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም። ማይክ ላይ የነበረው ሁሉ ድንገት ዝም ሲል ሰምቻለሁ።

ይህን ሁሉ ቢያደርግም ግን ቪቲቲ ቪዲዮ ጌም አይደለም። ታሪክ አይፈጥርም፣ «ይህን ማድረግ አትችልም» አይላችሁም። በመስኮት ልዝለል ያለውን ተጫዋች የሚመልስለት ሰው ነው። አዳዲስ አጫዋቾች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሶስት ሌሊት ግድግዳ ሲያሰምሩ፣ የዝናብ ድምፅ ሲያስገቡ ያድሩና ጨዋታው ሲደርስ የሚያወሩት ያጣሉ። እኔም ከዚያ አላመለጥኩም። የመጀመሪያ ቀን ከበሩ ጀርባ ያደፈጡ አራት ሽፍቶች አዘጋጅቼ ነበር። ካርታው እንደ ወረቀት የተደራረበ ነው፤ አንዱን ድርብ አጫዋቹ ብቻ ያየዋል። ሽፍቶቹን ያስቀመጥኩት ሁሉም በሚያየው ላይ ኖሯል። ጓደኛዬ ገና ከመግባቱ «እነዚህ አራቱ እኛን ነው የሚጠብቁት?» አለኝ።

የትኛውን እንሞክር ለሚለው፣ ምርጫው ብዙ ነው። ፋንታሲ ግራውንድስ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ አንጋፋ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የመጣው ሮል20 በብራውዘር ይከፈታል፣ በነፃ መጀመርም ይቻላል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ፋውንድሪ አንዴ ይገዛል፤ የሚገዛውም አጫዋቹ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ በሊንክ ይገባሉ። ብዙ ነገር ይሠራል፤ ግን ጨዋታው ከራሳችሁ ኮምፒውተር ስለሚነሳ ራውተር መነካካት ወይም ሰርቨር መከራየት ሊኖር ነው። አውልቤር ሮዲዮ በተቃራኒው ቀላል ነው፤ ካርታ፣ ቶክን፣ ዳይስ፣ ብዙም ሌላ የለውም። ለሙከራ እኔን ብትጠይቁኝ በዚህ ጀምሩ እላለሁ። ቅር ካላችሁ ወደ ከባዱ ትሻገራላችሁ።

ለመጀመሪያው ምሽት አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ ሁለት ጠላት ይበቃል። ሰዎቹ ከመሰብሰባቸው በፊት ሊንኩን ላኩና ሁሉም ቶክኑን አንዴ እንዲያንቀሳቅስ፣ ዳይስ አንዴ እንዲወረውር አድርጉ። ሁልጊዜ አንድ ሰው አልከፍት ይለዋል፤ ያ ሰው ብዙ ጊዜ በስልክ የገባው ነው። ለንግግር ዲስኮርድን ወይም የለመዳችሁትን ኮል ለብቻው ክፈቱ።

ካርታ ስታስገቡ የምስሉን መጠን አስሉ። የሶፍትዌሩ አንድ ካሬ 70 ፒክስል ከሆነ፣ 20 በ30 ካሬ የሆነው ካርታ 1400 በ2100 ፒክስል መሆን አለበት። ካልሆነ ምስሉ ላይ የተሳለው መስመርና የሶፍትዌሩ መስመር አይገጥሙም፤ ቶክኑ ግማሹ በር ላይ፣ ግማሹ ግድግዳ ላይ ይቆማል። ምስሉ ከሚገባው በላይ ከገዘፈ ደግሞ ኔትወርኩ ደካማ የሆነው ሰው ባዶ ስክሪን ላይ ያፈጣል።

ዳይሱን በሶፍትዌር ለመወርወር ደስ የማይለው ሰው አይጠፋም። ኮምፒውተሩ ይጠላኛል የሚል አለ፤ ሶስት ጊዜ በተከታታይ 2 ሲወጣበት እኔም ብሆን እላለሁ። እኛ ጋ አንዱ እስካሁን የራሱን ዳይስ ጠረጴዛው ላይ ይወረውርና ቁጥሩን በአፉ ይነግረናል። ሲንከባለል በማይኩ ይሰማናል። ዝቅተኛ ቁጥር ሲጠራ ማንም አይናገረውም፤ «20!» ሲል ነው ካሜራህን አብራ የምንለው።