ስቲቭ ስፐሪየር፦ ከኳርተርባክነት ወደ አሰልጣኝነት

ስቲቭ ስፐሪየር በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ውስጥ በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም ስሙን ያስጠራ ሰው ነው። በተጫዋችነቱ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ሽልማት ወስዷል፤ በአሰልጣኝነቱ ደግሞ የአገሪቱን ሻምፒዮና አንስቷል። ስሙ ከምንም በላይ ከፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ ከጌተርስ (አዞዎቹ) ጋር አብሮ ይነሳል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለጨዋታው አዲስ ለሆነ አንባቢ፦ ኳርተርባክ ኳሱን ከመሃል ተቀብሎ የሚወረውረው ወይም ለሯጭ የሚያቀብለው ተጫዋች ነው። ተከላካዮቹ ሳይደርሱበት በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ መወሰን አለበት። ስፐሪየር አሰልጣኝ ከሆነ በኋላም ይህን ውሳኔ ለማንም አሳልፎ መስጠት አልሆነለትም።

የተወለደው በ1945 ማያሚ ቢች ነው። አባቱ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ነበሩ። ያደገው ግን ቴነሲ ውስጥ፣ ጆንሰን ሲቲ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፉትቦል፣ ቅርጫት ኳስና ቤዝቦል ይጫወት ነበር።

ከ1964 እስከ 1966 ለፍሎሪዳ ተጫወተ። ጥቅምት 29 ቀን 1966 ከኦበርን ጋር የተደረገው ጨዋታ እስከ ዛሬ ይተረካል። ውጤቱ 27 ለ27 ነው፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ደርሷል። ፊልድ ጎል (በእግር ተመትቶ በምሰሶዎቹ መካከል ሲያልፍ 3 ነጥብ የሚያስገኝ ምት) ለመምታት 40 ያርድ ቀርቷል፤ ለቡድኑ መደበኛ መቺ ትንሽ ራቅ ያለ ርቀት ነው። ስፐሪየር እኔ ልምታው አለ። መታው፤ ገባም። ፍሎሪዳ 30 ለ27 አሸነፈች። ከሳምንታት በኋላ ሃይዝማንን ወሰደ። ሽልማቱን እቤቱ አላስቀመጠውም፤ ለዩኒቨርሲቲው ሰጠው። ተማሪዎቹ ደግሞ እንዲህማ አይሆንም ብለው ለእሱ ሌላ ቅጂ አሠሩለት። ከዚያ ወዲህ ሃይዝማን ሁለት ሆኖ ይሰጣል፤ አንዱ ለተጫዋቹ፣ አንዱ ለትምህርት ቤቱ።

የፕሮፌሽናል ዘመኑ ያን ያህል አይወራለትም። በ1967 ድራፍት፣ ማለትም የፕሮፌሽናል ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ በ3ኛ ተራ መረጠው። እዚያ የጆን ብሮዲ ተጠባባቂ ሆኖ ብዙ ዓመት ቤንች ላይ ተቀመጠ፤ በእግር የሚመታውን ኳስም ይመታ ነበር። በ1976 ወደ አዲሱ የታምፓ ቤይ ቡድን ሄደ። ቡድኑ 14 ተጫውቶ 14ቱንም ተሸነፈ።

የአሰልጣኝነቱ መጀመሪያም አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1978 በፍሎሪዳ የኳርተርባኮች አሰልጣኝ ሆነ፤ አንድ ዓመት ብቻ። በ1979 ጆርጂያ ቴክ፤ እዚያም አንድ ዓመት። በ1980 ዱክ የማጥቃቱን ክፍል ሰጠው። ከ1983 እስከ 1985 ዩኤስኤፍኤል በሚባል ሌላ የፕሮፌሽናል ሊግ የታምፓ ቤይ ባንዲትስ ዋና አሰልጣኝ ነበር፤ ቡድኑ ሳይሆን ሊጉ ራሱ ፈረሰ። በ1987 ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ወደ ዱክ ተመለሰ። ዱክ በቅርጫት ኳስ እንጂ በፉትቦል የሚፈራ ትምህርት ቤት አልነበረም። በ1989 ግን የኮንፈረንሱን (እርስ በርስ የሚወዳደሩ ትምህርት ቤቶች ምድብ) ዋንጫ ተጋራ፤ ከ1962 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ጎረቤቱን ኖርዝ ካሮላይናን በሜዳዋ 41 ለ0 ካሸነፈ በኋላ ልጆቹን ሰብስቦ የውጤት ሰሌዳው ሥር ፎቶ አስነሳቸው።

በ1990 ወደ ፍሎሪዳ መጣ። የመጣበት ቤት የተረጋጋ አልነበረም። በ1984 የተገኘው የኤስኢሲ፣ ማለትም ፍሎሪዳ ያለችበት ኮንፈረንስ፣ ዋንጫ ተነጥቋል፤ በ1990ም ቡድኑ አንደኛ ሆኖ ቢጨርስም ከእሱ በፊት በተፈጸመ ጥፋት በመቀጣቱ ዋንጫው አልተሰጠውም። በ1991 የመጀመሪያው የጸና ዋንጫ መጣ። ከዚያ 1993፣ 1994፣ 1995፣ 1996 እና 2000። ሰው ሠራሹን የሜዳ ምንጣፍ አስነስቶ ሣር አስመለሰ። ስታዲየሙን "ረግረጉ" ያለውም እሱ ነው፤ ከረግረግ የሚወጣው አዞ ብቻ ነው ብሎ።

ኤስኢሲ ያኔ በሩጫ የሚያምን ኮንፈረንስ ነበር። ስፐሪየር ከዳር እስከ ዳር ኳስ አስወረወረ። አናቱ ክፍት የሆነች ኮፍያውን አድርጎ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ራሱ ያዝዝ ነበር፤ ኳርተርባኩ ሲሳሳት ኮፍያዋ መሬት ላይ ትወረወራለች። በ1997 ያልተሸነፈው የዚያው ግዛት ተቀናቃኝ ዩኒቨርሲቲ፣ ፍሎሪዳ ስቴት፣ ሲመጣበት ሁለት ኳርተርባኮችን፣ ዳግ ጆንሰንን እና ኖዋ ብሪንዲስን፣ በየትእዛዙ እያፈራረቀ አስገባ። አንዱ ሲጫወት ሌላው አጠገቡ ቆሞ የሚቀጥለውን ይቀበላል። 32 ለ29 አሸነፈ። በተግባር ኳርተርባኩ እሱ ራሱ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ትልቁ ዓመት 1996 ነው። በኅዳር መጨረሻ በፍሎሪዳ ስቴት 24 ለ21 ተሸነፈ። ስፐሪየር ተጋጣሚዎቹ ኳርተርባኩን ዳኒ ወርፈልን ኳሱን ከለቀቀ በኋላ እየቆዩ መተውታል ሲል በአደባባይ ከሰሰ። ፍሎሪዳ ስቴቶች አልተቀበሉም፤ እስከ ፊሽካው ድረስ ነው የተጫወትነው አሉ። ወርፈል በዚያ ቀን ስንት ጊዜ ከመሬት እንደተነሣ ያየ ሰው ግን ክሱ ከባዶ እንዳልመጣ ይረዳል። ለመልሱ ጨዋታ ወርፈልን ኳሱን ከሚያቀብለው ተጫዋች ጥቂት ያርድ ወደ ኋላ አቆመው፤ ለማየትም ለመወርወርም ፋታ አገኘ። ጥር 2 ቀን 1997 ኒው ኦርሊንስ ላይ ፍሎሪዳ 52 ለ20 አሸንፋ የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሻምፒዮና ወሰደች። ወርፈል ሃይዝማንን አግኝቷል፤ የሃይዝማን ባለቤት ሌላ የሃይዝማን ባለቤት ሲያሰለጥን የመጀመሪያው ነበር።

ጨዋነት ይጎድለዋል የሚሉት አልጠፉም። በ1995 ጆርጂያን በሜዳዋ 52 ለ17 ሲረታ ነጥቡ ከ50 እንዲያልፍ መፈለጉን አልደበቀም። በ1966 በተጫዋችነቱ በጆርጂያ 27 ለ10 መሸነፉን የማያውቅ ሊገረም ይችላል። በፍሎሪዳ 12 ዓመቱ ጆርጂያን 11 ጊዜ አሸንፏል።

የፍሎሪዳ ዘመኑ ጠቅላላ 122 ድል፣ 27 ሽንፈትና አንድ አቻ ነው። አቻው በ1994 ፍሎሪዳ ፍሎሪዳ ስቴትን 31 ለ3 ስትመራ ቆይታ 31 ለ31 ያለቀው ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ከተማ በሆነችው ጌንስቪል ውስጥ ባይነሳ ይመረጣል።

በ2002 እና 2003 በዋሽንግተን የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ዋናው የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ) ቡድን 12 አሸንፎ 20 ተሸነፈ።

ከ2005 ጀምሮ ሳውዝ ካሮላይናን ያዘ። በ2010 አንደኛ ደረጃ ላይ የነበረችውን አላባማን 35 ለ21 አሸነፈ። ከ2011 እስከ 2013 በየዓመቱ 11 ጨዋታ አሸንፏል። በጥቅምት 2015 ውድድሩ ሳያልቅ ለቀቀ፤ በዚህ የወቀሱት አሉ። በፍሎሪዳም በሳውዝ ካሮላይናም ብዙ ጨዋታ ያሸነፈው አሰልጣኝ እሱ ነው።

የኮሌጅ ፉትቦል የዝና አዳራሽ በ1986 በተጫዋችነት፣ በ2017 በአሰልጣኝነት ተቀብሎታል። የፍሎሪዳ ሜዳ ከ2016 ጀምሮ በስሙ ይጠራል። በ2019 ደግሞ በ73 ዓመቱ ኦርላንዶ አፖሎስን በአዲስ ሊግ አሰለጠነ። 7 አሸንፎ 1 ተሸንፎ እየመራ ሳለ ሊጉ ገንዘብ አጥሮት በመሃል ተበተነ፤ ዋንጫ የተሰጠውም ቡድን የለም።