ስለ ላትቪያው የያኒ በዓል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዓመቱን ረጅም ቀን ከወዳጆች ጋር ማክበር በብዙ የአውሮፓ ሕዝቦች ዘንድ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ የላትቪያው ያኒ ደግሞ እስከ ዛሬ በዋናነት በቤትና በግቢ የሚከበር ነው። ወዳጆቹን ጠርቶ ሊያከብረው የሚያስብ ሰው ከዝግጅቱ አስቀድሞ የሚከተሉትን ስሕተቶች ቢያርም ይጠቀማል።

«አረማዊ በዓል ስለሆነ የሰይጣን አምልኮ ነው።»

ይህ ከስሕተቶቹ ሁሉ የከፋው ነው። በሌሊቱ ዘፈኖች የሚወደሱት ፀሐይ፣ የእርሻው በረከት፣ የቤቱ ባለቤቶችና ያኒስ የተባለው የበዓሉ ባለ ስም እንጂ ሰይጣን አይደለም። ያኒስ ማለት ዮሐንስ ነው፤ የጥንቱ የፀሐይ በዓል ከመጥምቁ ዮሐንስ ልደት ጋር ተዋሕዷልና። የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ይህን ልደት ጁን 24 ሲያከብሩ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምታከብርበት ሰኔ 30ም በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ያው ጁን 24 ነው። ዛሬ ሉተራኖችም፣ ካቶሊኮችም፣ ሃይማኖት የሌላቸውም ያኒን ያከብራሉ። የቅድመ ክርስትናውን እምነት እንደ ሃይማኖት የያዙት ዲየቭቱሪ የሚባሉት ከአክባሪዎቹ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው።

«በዓሉ በትክክል በረጅሙ ቀን መዋል አለበት።»

ረጅሙ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ጁን 20 ወይም 21 ሲሆን፣ ያኒ ግን የሚጀምረው ሊጎ በሚባለው የጁን 23 ምሽት ነው። ሮማውያን ረጅሙን ቀን ጁን 24 አካባቢ ያስቀምጡ ስለነበር ልማዱ በዚያው ጸንቷል።

«ሥርዓቱን የሚመራ ካህን ያስፈልጋል።»

አያስፈልግም፤ በዓሉን የሚመሩት የቤቱ ባለቤቶች ናቸው። በዚያች ሌሊት አባወራው «የያኒ አባት»፣ እመቤቲቱ «የያኒ እናት»፣ እንግዶቹም «የያኒ ልጆች» ይባላሉ። እንግዶች ሣርና የሜዳ አበባ ይዘው፣ «ሊጎ» የሚል አዝማች ያላቸውን አጫጭር ግጥሞች እየዘፈኑ ወደ ግቢው ይገባሉ፤ አባትየው ጠላ መሰል የገብስ ቢራ፣ እናትየው ደግሞ ከሙን የሚመስል ቅመም የገባበት አይብ ያቀርባሉ። ሴቶች የአበባ፣ ወንዶች የባሉጥ ቅጠል አክሊል ይደፋሉ። ዘፈኖቹ ውዳሴ ብቻ አይደሉም፦ ማሳውን ሳያርም በዓሉ የደረሰበትን ባለቤት በአረሙ እያነሡ ይሸነቁጡታል፣ እርሱም በግጥም ይመልሳል። በእኔ እምነት የበዓሉ ልብ ይህ የግጥም ምልልስ ነው፤ ስለዚህ አስተናጋጅ ከጌጣጌጥ ይልቅ እንግዶቹ የሚቀባበሏቸውን ጥቂት ግጥሞች አስቀድሞ ቢያዘጋጅ ይሻለዋል።

«ሁሉም ነገር ከጥንት ሳይለወጥ የወረደ ነው።»

ዲየቭቱሪ የተደራጁት እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። በብሪታንያ የተስፋፋው፣ ዓመቱን በስምንት በዓላት የሚከፍለው የዊካ (የዘመናችን አረማዊ እምነት) አቆጣጠርም ቅርጹን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። ያኒ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሶቪየት ባለሥልጣናት ተጽዕኖ ተደርጎበት ከሕዝብ በዓልነት ቢሰረዝም፣ ሰዎች በየግቢያቸው ማክበራቸውን አልተዉም። አዲስ መሆን ሐሰተኛ አያሰኝም፤ ነገር ግን አዲሱን ጥንታዊ ነው ብሎ ለእንግዳ መንገር ተገቢ አይደለም።

«ትልቅ እሳት ከሌለ በዓሉ አይሞላም።»

የሚፈለገው የእሳቱ መጠን ሳይሆን ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ተለኩሶ እስክትወጣ መቆየቱ ነው። በላትቪያ ዋና ከተማ በሪጋ በዚያ ሰሞን ፀሐይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ጠልቃ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለምትወጣ፣ ማገዶው ለስድስት ሰዓት ያህል መብቃት አለበት፤ ወደ ደቡብ በተኬደ ቁጥር ሌሊቱ ይረዝማል፣ በአዲስ አበባም ከአሥራ አንድ ሰዓት ይበልጣል። አፓርታማ ውስጥ የሚኖር ሰው ሻማ ሊያበራ ይችላል፣ የሚጠብቀው ሰው ግን ተራ እየገባ መንቃት አለበት። ግቢ ያለውም የአካባቢውን የእሳት ደንብ አስቀድሞ ይጠይቅ፣ ውኃ በአጠገቡ ያኑር፣ በእሳቱ ላይ መዝለል የሚፈልጉትም ፍሙ ዝቅ እስኪል ይታገሡ፤ ረጅም ቀሚስ የለበሰና የጠጣ ሰው ግን ከቶ አይዝለል።