ሬፍኤዲት ምንድን ነው?

ሬፍኤዲት (REFEDIT) አውቶካድ በሚባለው የኮምፒውተር ሥዕል መሳያ ፕሮግራም ውስጥ ያለ ኮማንድ (ትእዛዝ) ነው፤ ብሎክ ወይም ኤክስሬፍ የሚባሉትን ፕላኑ ላይ ባሉበት ያስተካክላል። መጀመሪያ ሁለቱን እንይ። በአውቶካድ የተሳለ የጂ+4 አፓርታማ ፕላን ላይ አንዱን መታጠቢያ ቤት ንኩ። እጅ መታጠቢያው፣ ሻወሩና የሽንት ቤት መቀመጫው አንድ ላይ ከተመረጡ አብዛኛውን ጊዜ ብሎክ ናቸው ማለት ነው።

ብሎክ አንዴ ተስሎ ስም የተሰጠውና ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠ ሥዕል ነው። ፕላኑ ላይ 20 መታጠቢያ ቤት ብታዩም የተሳለው አንዱ ነው። ሌላው ሁሉ ያንኑ እየጠራ ያሳያል። ኤክስሬፍ ደግሞ ሥዕሉ የሚኖረው ሌላ ፋይል ውስጥ ሲሆን ነው። የስትራክቸር ኢንጂነሩ የአርክቴክቱን ፕላን ከሥር አንጥፎ ኮለኖቹን ይስላል። ፕላኑ ግን ወደ እሱ ፋይል አልገባም፤ የሚገኝበት ቦታ ብቻ ነው የተመዘገበው። አርክቴክቱ ግድግዳ ቢያነሳ፣ ኢንጂነሩ የራሱን ፋይል ሲከፍት ወይም ፕላኑን ሪሎድ ሲያደርግ (እንደገና ሲጭን) ያየዋል።

አሁን በሩ ሲከፈት እጅ መታጠቢያውን ይገጫል እንበል። መታጠቢያው ትንሽ ፈቀቅ ይበል። የብዙ ሰው እጅ ቶሎ የሚሄደው ብሎኩን ወደ ተራ መስመር የሚበትነው ኤክስፕሎድ ላይ ነው። ባይሄድ ይሻላል። የነካችሁት ይበታተናል፣ እሱን ታስተካክላላችሁ፣ 19ኙ በሩ እየገጫቸው ይቀራሉ። ፕሮግራሙ ብሎኮችን ሲቆጥርም ያ የተበተነው ይጎድላል።

ሬፍኤዲት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው። ከአውቶካድ 2000 ጀምሮ ያለ ኮማንድ ነው። ጽፋችሁት ብሎኩን ስትመርጡ ስሙን የሚያሳይ መስኮት ይመጣል። እሺ ስትሉ ቀሪው ፕላን ይደበዝዛል። የብሎኩ መስመሮች ብቻ ደምቀው ይቆያሉ፤ እነሱን እንደማንኛውም መስመር ሙቭ፣ ትሪም፣ ስትሬች ታደርጋላችሁ። ስትጨርሱ ሬፍክሎዝ (REFCLOSE) ብላችሁ ሴቭ ነው። ሃያውም ይስተካከላሉ። በሚረር (እንደ መስታወት ምስል) የተገለበጡትም ቢሆኑ እንደተገለበጡ ይከተላሉ።

ብሎክን በራሱ መስኮት ከፍቶ የሚያስተካክለው ብሎክ ኤዲተርስ ምን ሊሠራ ነው? ከ2006 እትም ጀምሮ አለ፤ ዳይናሚክ ብሎክ (መጠኑ ወይም ቅርጹ እንዲቀያየር ተደርጎ የተሠራ) ከሆነ ይህን የሚወስኑት ፓራሜትሮች የሚገኙት እዚያ ስለሆነ ወደሱ ሂዱ። ነገር ግን ብሎኩን ብቻውን ነጥሎ ነው የሚያሳያችሁ። በሩ የብሎኩ አካል ስላልሆነ አይታይም፤ በግምት ታንቀሳቅሳላችሁ። በሬፍኤዲት ግን በሩ ደብዝዞ እዚያው አለ፣ ስናፕም (ጠቋሚውን ትክክለኛ ነጥብ ላይ የሚያሳርፈው) ይይዘዋል። ለእኔ የዚህ ኮማንድ ዋጋው ይሄ ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አዲስ መስመር ስትጨምሩ ሌየሩን (መስመሩ የሚመደብበትን ንብርብር) እዩ፤ ብሎኩ የገባበትን ሌየር ቀለም እንዲይዝ ከፈለጋችሁ ሌየር ዜሮ ላይ፣ ቀለሙን ባይሌየር (ከሌየሩ የሚወሰድ) አድርጋችሁ ሳሉት። ደግሞ አንዱ መታጠቢያ ቤት ብቻ እንዲለይ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ሬፍኤዲት አይሆንም። በሌላ ስም አዲስ ብሎክ ሥሩለት።

ኤክስሬፍ ላይ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። አጠቃቀሙ ያው ነው፤ ሴቭ ስትሉ ግን የሚለወጠው ዋናው ፋይል ነው። ኢንጂነሩ ኮለን ስለጠበበው ግድግዳ ፈቀቅ ቢያደርግ፣ የአርክቴክቱ ፕላን ተነካ ማለት ነው። የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ባለሙያዎቹም በሚቀጥለው ሪሎድ ያንኑ ያገኛሉ። ማን እንደለወጠው ፕላኑ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ ትንሽ እርማት ከሆነ፣ ባለቤቱም ካወቀ፣ ግዴለም። ሰፊ ለውጥ ከሆነ ግን ኤክስኦፕን (XOPEN) በሚለው ኮማንድ ፋይሉን በራሱ መስኮት ክፈቱት። አንድ ሰው ቀድሞ ከፍቶት ከሆነ ደግሞ ሬፍኤዲት አይፈቅድላችሁም።

ፋይላችሁ በሌላ ሰው ሥዕል በኩል እንዲነካ ካልፈለጋችሁ ኤክስኤዲት (XEDIT) የሚል ቅንብር አለ። ፋይላችሁን ከፍታችሁ ዜሮ አድርጉና ሴቭ አድርጉት። እንደ ኤክስሬፍ የሚጠቀሙበት ሁሉ ያዩታል፣ በሬፍኤዲት ግን አይነኩትም። ፋይሉን ራሱን ከፍቶ የሚገባን ሰው አይከለክልም።