አዲሷ አሜሪካ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ጦርነት መሃል (1793–1812)

አሜሪካ ዛሬ የማትገባበት ጦርነት የለም፣ በልጅነቷ ግን ሃያ አመት ሙሉ ስትለፋ የነበረው ከሰው ጦርነት ለመራቅ ነው። በፈረንጆች 1793 መጀመሪያ ፈረንሳይ ንጉሷን ሉዊ 16ኛን በጊሎቲን ገድላ ወዲያው ከእንግሊዝ ጋር ስትገጥም አሜሪካ ህገመንግስቷ ከጸደቀ ገና 5 አመቱ ነው፣ ባህር ሃይል የሚባል የላትም፣ መንግስቱ የሚኖረው ከውጭ እቃ ቀረጥ ነው፣ እቃው ደሞ አብዛኛው ከእንግሊዝ ነው የሚመጣው። በሌላ በኩል ነጻነቷን ያገኘችው በፈረንሳይ ጦርና ብር ነው፣ የ1778ቱ የጋራ ውልም አልፈረሰም።

የገንዘብ ሚኒስትሩ ሃሚልተን ውሉን የፈረመው ንጉሱ ነው፣ ንጉሱ ደሞ የለም፣ ስለዚህ ይታገድ አለ። የውጭ ጉዳዩ ጀፈርሰን ውል የህዝብና የህዝብ ነው ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም ግን ጦርነት ውስጥ እንግባ አላሉም። ፕሬዝዳንቱ ዋሽንግተንም ውሉን ሳይሰርዝ ኤፕሪል 22 ላይ አሜሪካ ለማንም እንደማትወግን አወጀ።

አዋጁን መጀመሪያ የፈተነው የፈረንሳዩ መልእክተኛ ኤድሞን ዤኔ ነው። ሰውየው ቻርለስተን ወረደና ፕሬዝዳንቱን እንኳ ሳያገኝ ለአሜሪካ መርከበኞች የእንግሊዝን የንግድ መርከብ እንዲይዙ ፈቃድ ማደል ጀመረ፣ ባጭሩ ደብዳቤ የያዘ የባህር ላይ ዝርፊያ ማለት ነው፣ ህዝቡ ደሞ በየከተማው በግብዣና በጭብጨባ ተቀበለው። ይባስ ብሎ ፊላደልፊያ ላይ፣ በዚያን ጊዜው ዋና ከተማ፣ በመንግስቱ አፍንጫ ስር ማለት ነው፣ የተማረከች የእንግሊዝ መርከብ መድፍ አስጭኖ እንዳትወጣ እየተባለ ላካት። ደጋፊው የነበረው ጀፈርሰን ራሱ ተማረረ። አሜሪካ ውሰዱልኝ ስትል ፓሪስ ላይ ስልጣን የያዙት አክራሪ አብዮተኞች፣ ያኮቢኖች፣ ሊያስሩት ስለፈለጉ ዋሽንግተን አዝኖለት እዚያው ቀረ፣ የኒውዮርክን ገዢ ልጅ አግብቶ ገበሬ ሆነ።

የሚገርመው የገዛ ዜጋን መቆጣጠሩም ከባድ ነበር። ጌዲዮን ሄንፊልድ የተባለ መርከበኛ በፈረንሳይ ዘራፊ መርከብ ላይ ሰርተሃል ተብሎ ተከሰሰ፣ ግን ይሄን የሚከለክል በኮንግረስ የወጣ ህግ አልነበረምና ጁሪው ነጻ ለቀቀው፣ በቃ በ1794 የገለልተኝነት ህግ ወጣ።

እውነቱን ለመናገር ግን ገለልተኝነቱን ያጣፈጠው ብር ነው። የአሜሪካ ነጋዴዎች ከፈረንሳይ የካሪቢያን ደሴቶች ስኳርና ቡና ይጭናሉ፣ አሜሪካ ወደብ ያራግፋሉ፣ ቀረጥ ይከፍላሉ፣ ከዛ አብዛኛውን ቀረጥ ተመላሽ ወስደው ያንኑ እቃ የአሜሪካ ነው ብለው አውሮፓ ይሸጣሉ። ጨፍኑ ላሞኛችሁ ነው እንግዲህ! እንግሊዝ ለተወሰነ ጊዜ አይታ እንዳላየች አለፈችው፣ በ1805 ግን ፍርድ ቤቷ ነቃ።

መሃል ላይ አሜሪካ ከሁለት ያጣ ልትሆን ነበር። እንግሊዝ ከ250 በላይ መርከቦቿን ስትይዝባት በጄይ ውል (1794) ታረቀች፣ በዚህ ፈረንሳይ ተቆጥታ እሷም መያዝ ጀመረች፣ ከ1798 እስከ 1800 ሳይታወጅ ባህር ላይ ተታኮሱ። እንግሊዝ ደሞ ከድታችሁ የሄዳችሁ የኛ ሰዎች ናችሁ እያለች በሺ የሚቆጠሩ መርከበኞችን ከአሜሪካ መርከቦች ላይ ትወስድ ነበር፣ በ1807 ቼሳፒክ የተባለችውን የጦር መርከብ ተኩሳባት 4 ሰው አወረደች።

ጀፈርሰን፣ በዚያን ጊዜ ፕሬዝዳንት ነው፣ መልሱ ወደቡን በሙሉ መዝጋት ሆነ። ኤክስፖርቱ ከ108 ሚሊዮን ዶላር በአንድ አመት ወደ 22 ሚሊዮን ወረደ፣ ኒው ኢንግላንድ ስራ ፈታ፣ ኮንትሮባንድ በካናዳ በኩል ጦፈ፣ እንግሊዝ ግን ያን ያህል አልተጎዳችም። እገዳው በ1809 ተነሳ። ጁን 18 ቀን 1812 አሜሪካ ጦርነት ስታውጅ ለንደን ገለልተኞች ከፈረንሳይ ጋር የሚያደርጉትን ንግድ ያነቀውን የራሷን ትእዛዝ እንደምታነሳ ከ2 ቀን በፊት ተናግራ ነበር፣ ወሬው ግን በሸራ መርከብ ሳምንታት ፈጀ፣ ሲደርስም የመርከበኞቹ አፈሳ ጉዳይ ስላልተፈታ ጦርነቱ ቀጠለ።